ቶላ ያልሰጣት እንቁራሪት

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ባለቤቴ ሳይሰማው አረፈ። ልጄም አያውቀውም። የነፍስ አባቴ በየጾሙ መግቢያ "ሌላስ?" ሲሉኝ ሐሜቱን፣ ንዴቱን፣ የሻርኩትን ጾም ሁሉ ዘርዝሬ፣ እዚህ ላይ ስደርስ "ሌላ የለም አባቴ" እያልኩ መስቀል ተሳልሜ ወጥቻለሁ። ሌላ ነበረ። አሁን የምጽፈው እሱን ነው።

ነገሩ ስለ አንዲት እንቁራሪት ነው። ሳቅህ ከመጣ ሳቅ አንባቢዬ፤ የሌላ ሰው ታሪክ ቢሆን እኔም እስቅ ነበር። ጡረታ የወጣች የእንግሊዝኛ አስተማሪ ቁጭ ብላ በእንቁራሪት ስትናዘዝ ማን ቁም ነገር ይላታል? ብቻ እስኪያልቅ ታገሠኝ። እኔ የበደልኩት እንቁራሪቷን አይደለም።

ጊዜው የሃምሳዎቹ መጀመሪያ ነው። ቤታችን ላፍቶ ወንዝ አጠገብ ነበር። ያኔ ከደጃችን ቆመን ወደ ለቡ ስናይ ማሳ ብቻ ነው፤ በሌላው በኩል የፉሪ ተራራ ሳይጋረድ ይታያል። አባባ ገበሬ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ወተት በአህያ ጭኖ ከተማ ያደርሳል። እናታችን ወንድሜን ቶላን ከወለደች በኋላ ብዙ አልቆየችም። እኔ ያኔ አምስት ዓመቴ ነበር። ቶላ ሁለት ዓመት ሲሞላው ትኩሳት ያዘው፤ ትኩሳቱ ሲለቀው እግሮቹ ዛሉ። ከዚያ ወዲያ ቆሞ ሄዶ አያውቅም።

ትምህርት ቤቱ ከወንዙ ማዶ፣ ለልጅ እግር አንድ ሰዓት የሚያስኬድ ነበር። ስለዚህ እኔ ተማርኩ፣ ቶላ ቀረ። ማንም ሰው ተንኮል አላሰበም፤ እግር የነበረኝ እኔ ነበርኩ። ከትምህርት ቤት ስመለስ እሱን ማጠብ፣ ማንሳት፣ ጥላ ሲመጣ ወደ ፀሐይ ማዛወር የኔ ሥራ ነበር። እወደው ነበር። አልዋሽም፣ ሰልችቶኝም ነበር። ሁለቱ በአንድ ልብ ውስጥ አያድሩም ያለው ማነው?

እንቁራሪቷን ያመጣሁለት እኔ ነኝ። ውሃ ልቀዳ ወርጄ ከጨፌው ውስጥ ያዝኳትና በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ወሰድኩለት። አባባ ከጣራው ጠፈጠፍ ሥር ለሁለት የተሰነጠቀ በርሜል ግማሹን መሬት ውስጥ ቀበረለት። ድንጋይ ጨመርንበት፣ ሣር ጨመርንበት፣ ቶላ አጠገቡ በቁርበቱ ላይ ይውላል። ትልቅ እንቁራሪት ነበረች፤ በጀርባዋ መሐል ለመሐል ነጣ ያለ መስመር ወርዶባታል። ስትቀመጥ ለቅሶ ቤት የመጣች ባለጸጋ ሴት ትመስላለች ብሎ ቶላ "ወይዘሮ" አላት። በዚያው ወይዘሮ ሆና ቀረች።

ቶላ ከብቶቹ ላይ የሚያርፈውን ዝንብ በእጁ ቀልቦ ይሰጣታል፤ እሷም ከጣቱ ላይ ትወስዳለች። ሰው ሲመጣ ውሃው ውስጥ ትገባለች፣ እሱ ሲጠራት ግን ትወጣለች። እኔ ስጠራት አትወጣም። ያመጣኋት እኔ፣ ውሃዋን የምቀይርላት እኔ፣ የምትወጣው ለሱ። እንቁራሪት እንኳ ብትሆን ይህ ያናድደኝ ነበር። መንገደኛ ሲያልፍ ቆም ብሎ "ደግሞ ይቺ ጉደኛ እንዴት አደረች?" ይለዋል። ቶላም ዛሬ ዝናብ እንደሚመጣ ነግራኛለች፣ አኩርፋለች፣ በልታለች እያለ ወሬውን ይሰጣል። ያ ልጅ ከሰው ጋር የሚያወራው በሷ በኩል ነበር።

አምስተኛ ክፍል ስደርስ የሳይንስ አስተማሪያችን ሕንዳዊ ነበሩ። ቀጭን፣ ዝናብ ባይኖርም ጃንጥላ ከእጃቸው የማይለይ ሰው ናቸው። አማርኛቸው "ደህና" እና "ቁጭ በል" ከማለት አያልፍም፤ የሚያስተምሩን በእንግሊዝኛ ነበር። የወላጆች በዓል ሲቃረብ ከክፍላችን ጥግ ረጅም ጠረጴዛ ዘረጉና፣ ቤቱ ሕይወት ያለው ነገር የሚያሳድግ ልጅ ካለ ለትምህርት ቤቱ እንዲያበረክት ጠየቁን። በበዓሉ ቀን ወላጅ ያየዋል፣ ከዚያም ደህና ደህናው ከተማ ውስጥ አራዊት ለሕዝብ ወደሚታዩበት ግቢ ይላካል አሉ። አንዱ ኤሊ አመጣ። አንዷ እስስት አመጣች። በእያንዳንዱ ፊት ካርድ ቆመ፤ በካርዱ ላይ የሰጪው ስም በእንግሊዝኛ፣ በቀይ ቀለም።

ያን ካርድ ተመኘሁት። የክፍሌ ልጆች አብዛኞቹ የጸሐፊና የወታደር ልጆች ነበሩ፤ እኔን ወተትና እበት ትሸታለች ብለው "ጥጃዋ" ይሉኝ ነበር። አስተማሪ ሳይሰማ በሹክሹክታ፣ መስክ ላይ ደግሞ በጩኸት። በዚያ ጠረጴዛ ላይ "አያንቱ" የሚል በቀይ ተጽፎ ቢቆም ዓለም የሚለወጥ መሰለኝ። እስኪ ፍረድ፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው? ለዚያች ልጅ ትልቅ ነበር። ይህን የምልህ እንድታዝንልኝ አይደለም። ወንድሜን በምን እንደሸጥኩት እንድታውቅ ነው።

አንድ ማለዳ፣ ቶላ ሳይነቃ፣ ወይዘሮን ከበርሜሉ አውጥቼ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ወሰድኳት። አስተማሪው እንደ ሕፃን ደስ አላቸው። ከመስታወት ሣጥን ውስጥ አስገቧት፣ ስሜን በቀይ ጻፉ፣ ክፍሉ አጨበጨበልኝ። የዚያን ቀን ጥጃዋ ያለኝ አልነበረም።

ስመለስ ቶላ ክንዱን እስከ ክርኑ ውሃው ውስጥ ነክሮ እየዳሰሰ ነበር። ሲጣራ ውሎ ድምፁ ሰልሏል። "እትዬ፣ ወይዘሮ ጠፋች" አለኝ። እኔም ለልጆቹ ላሳያት ወስጃት ነው፣ ለአንድ ሳምንት ብቻ ነው፣ እመልስልሃለሁ አልኩት። ወዲያው ፊቱ በራ። ትምህርት ቤት ገባች ማለት ነው ብሎ ሳቀ። ዝንብ ከመሬት እንደማታነሳ፣ በጣታቸው እንዲሰጧት ንገሪያቸው ብሎ አደራ አለኝ። ለማንም አልነገርኩም። ትምህርት ቤት ያለን ነገር በጣት ማብላት የሚያሳፍር መሰለኝ።

በወላጆች በዓል አባባ ጋቢውን አጥቦ መጣ፤ ከሰው ሁሉ ኋላ ቆመ። ያበረከቱ ልጆች ስም ሲጠራና ስሜ ሲነሳ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ወደ ቤት ስንመለስ ወንዙ ጋ ደርሰን ጫማውን ሲያወልቅ ቀና ብሎ አየኝ። "ቆይ፣ ያቺ የቶላ አይደለችም እንዴ?" አለኝ።

መልሱ ምን ነበር? "አዎ፣ ሳልነግረው ነው የወሰድኳት" ማለት ነበር። ቢቆጣ ቢቆጣ ሁለት ቀን ነው። እኔ ግን "ራሱ ነው ስጪልኝ ያለኝ፤ ወዶ ነው የሰጠው" አልኩት። ይህን ስል ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም።

አባባ ከወንዙ መሐል ቆመ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። "ልጄ ከተቀመጠበት ለትምህርት ቤት ሰጠ" አለ። ያን ቀንም፣ በማግስቱም፣ ላገኘው ሰው ሁሉ ይህንኑ ነገረ። በቶላ ኮርቶ አይቼው አላውቅም ነበር። ያዝንለታል፣ ያቅፈዋል፣ መኩራት ግን አልነበረም። አሁን ኮራ፤ የኮራበትን ነገር የሰጠሁት እኔ ነበርኩ፣ ነገሩ ደግሞ ውሸት ነበር።

ቶላ ጎረቤት መጥቶ ሲያመሰግነው ግራ ገባው። "እኔ አልሰጠሁም፣ ለሳምንት ነው የሄደችው" አለ። አባባ ሳቀ፤ ልጅ ነው፣ ናፍቃው ነው አለ። ሳምንቱ አልፎ ቶላ ሲደጋግመው ግን ሳቁ ቀረ። እኛ ዘንድ የሰጡትን መልሶ መጠየቅ ነውር ነው፤ ለትልቅ ሰውም ለልጅም ነውር ነው። አባባ ወደኔ ዞሮ ጠየቀኝ፤ እኔም ያንኑ ደገምኩ፣ ሰጥቷል አልኩ። የማን ቃል ይታመን? ትምህርት ቤት የምትሄደው እኔ ነበርኩ። የተቀመጠው ልጅ ቃል ያን ሳምንት ዋጋ አጣ።

ያ ብቻ ቢሆን ኖሮ የልጅ ሥራ ነው ብዬ ራሴን እምረው ነበር ይሆናል። ያ ብቻ አይደለም።

ከበዓሉ ሁለት ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ አስተማሪው ጃንጥላቸውን ይዘው ደጃችን ድረስ መጡ። በሌላው እጃቸው ክዳኑ የተበሳሳ፣ በእርጥብ ጨርቅ የተሸፈነ ትልቅ ጣሳ ይዘዋል። ከክፍሌ ልጆች አንዷ፣ እንቁራሪቷ የአያንቱ ሽባ ወንድም ናት ብላ ነግራቸዋለች። አባባ የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው። በርጩማውን በጋቢው ጠርጎ አስቀመጣቸው፣ እርጎ በዋንጫ አቀረበላቸው። የእንግዳ ዕቃ አይታይምና ጣሳውን ቀና ብሎም አላየ። ምሳቸውን ይዘው የመጡ ነው የመሰለው፤ ኋላ ላይ እንደዚያ ብሎኛል።

አስተማሪው ጣሳውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ እንዲገባኝ ብለው ቀስ እያሉ ነገሩኝ። ይህችን እንቁራሪት ወንድምሽ እንደሚያሳድጋት ሰማሁ፤ ወዶ ሰጥቶ ከሆነ አመሰግነዋለሁ፤ ካልሆነ ግን ይዤለት መጥቻለሁ፣ ይውሰዳት፤ ጠይቂልኝ። ያሉት ይኸው ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት መጽሐፍ አነበብኩ፣ ስንት ሰው ሲናገር ሰማሁ፤ እንደዚያ የቀለለና የጠራ እንግሊዝኛ ሰምቼ አላውቅም። አልገባኝም ነበር ልል አልችልም።

አባባ "ምን አሉ?" አለኝ።

"ስለሰጠናቸው ሊያመሰግኑ ነው የመጡት" አልኩት።

በዚህ መሐል ቶላ ወይዘሮ ጣሳው ውስጥ ስትንቀሳቀስ ሰማ። ከቁርበቱ ላይ በክንዱ እየተሳበ እስከ እግራቸው ድረስ መጣ። የጫማቸውን ጫፍ ይዞ ቀና ብሎ አያቸው። "ጋሼ" አላቸው፣ "እባክዎን ይመልሱልኝ። እኔ አልሰጠሁም። ከኔ ሌላ ሰው አታውቅም።"

አስተማሪው ወደኔ ጎንበስ አሉ። ምን ይላል አሉኝ።

እዚህ ላይ ቆሜያለሁ። ስድሳ ዓመት ሙሉ ቆሜ ያለሁት እዚህ ላይ ነው። ሐኪም ቤት ወረፋ ስጠብቅ አንዱ ሌላውን "ምን አለ?" ሲለው ብሰማ ወረፋዬን ትቼ እወጣለሁ። ለምን አልተናገርኩም? አንድ ቃል ነበር። "መልሱልኝ ይላል" ማለት ነበር፣ ያለውን እንዳለው። ግን ጣሳው እዚህ ከቀረ ሰኞ ዕለት ካርዱ ይነሳል። ካርዱ ሲነሳ ልጆቹ ለምን ይላሉ። ከዚያ ጥጃዋ ብቻ አልሆንም፣ ሌባዋ ጥጃ እሆናለሁ። አባባም ወንዙ መሐል ያለቀሰው በውሸት እንደሆነ ያውቃል። ይህን ሁሉ ያሰብኩት አንድ ጊዜ ምራቄን እስክውጥ ነው።

"ደስ ብሎኛል ይላል፤ ብዙ ልጆች እንዲያዩአት ይፈልጋል" አልኳቸው።

ታዲያ ለምን ያለቅሳል አሉኝ።

"እግሩን አሞት ነው" አልኩ። እግሩን አሞት ነው። በገዛ እግሩ ዋሸሁበት።

አባባ በኀፍረት ተቃጥሎ ነበር። ቶላን ከእንግዳው እግር ሥር አነሳና "እንግዳ ፊት የሰጠኸውን መልሰህ ትለምናለህ? ቤቴን አዋረድከው እኮ!" አለው። ቶላ "አባባ፣ አልሰጠሁም" አለ። አባባ ለመጨረሻ ጊዜ ወደኔ ዞረ፤ ለመሆኑ እሳቸው ምን ይላሉ አለኝ። እኔም አስተማሪው አንዴ የተሰጠ ነገር አይመለስም ይላሉ አልኩት። አባባ ራሱን ነቀነቀ፤ ልክ ብለዋል አለ።

አስተማሪው ተነሱ። ሁለት መዳፋቸውን ገጥመው ለቶላ እንደ ትልቅ ሰው ጎንበስ አሉለትና አንድ ነገር ተናገሩ፤ በልግስናው ደስ ብሏቸው ማመስገናቸው ነበር። ከዚያ ጣሳቸውን አንስተው ወጡ። ቶላ ከአባባ እቅፍ ውስጥ ሆኖ ከኋላቸው ሁለት ጊዜ "ወይዘሮ" ብሎ ተጣራ። ሦስተኛ አልጠራም።

እዚያ ግቢ ውስጥ ከኔ ሌላ ሦስት ሰዎች ነበሩ። አንዱ ሊመልሱ መጡ። አንዱ ክብሩን ጠበቀ። አንዱ እውነቱን ተናገረ። ሦስቱም ልክ ነበሩ። መሐላቸው ቆሜ እንዳይገናኙ ያደረግኩ እኔ ነኝ፤ ሌላ ማንም አልነበረም።

አባባ ቶላን አልመታውም። ብቻ ጠዋት ጠዋት አቅፎ ወደ ፀሐይ የሚያወጣው ሰው፣ ይህንን ሥራ ሙሉ በሙሉ ለኔ ተወው። ቶላም ከዚያ ቀን በኋላ ምንም ነገር መለመን ተወ። ውሃ ሲጠማው አይናገርም፤ ገምተን ነው የምንሰጠው። ጎረቤቶች ልጁ ጨዋ ሆነ አሉ።

ወይዘሮ ከኤሊውና ከእስስቱ ጋር ወደ ከተማ ተላከች። በሚቀጥለው ዓመት ከክፍል ጓደኞቼ ጋር ልናይ ሄድን። መስታወቱ ባዶ ነበር። ውሃውም ደርቋል፣ ድንጋዩም ነጥቷል፤ ካርዱ ግን አልተነሳም። ስሜ በቀይ ቀለም ለሕዝብ ይታያል። አንዲት ሴት ሕፃን ልጇን ከፍ አድርጋ ይዛ በመስታወቱ ውስጥ ታፈላልጋለች፤ ልጁ የታለች፣ የታለች ይላል። ጓደኞቼ ድንጋዩ ሥር ተደብቃ ይሆናል ተባባሉ። እኔ ዝንብ ከመሬት እንደማታነሳ አውቅ ነበር። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ቶላ ስሟን ያነሳው ያን ቀን ብቻ ነው፤ እንዴት ሆናለች አለኝ። "ወፍራለች" አልኩት።

አሁን ወደ ዋናው ደረስኩ። እስካሁን ያነበብከው የልጅነት ነው ብትል እቀበልሃለሁ። ይኸኛውን ሳደርግ ግን ልጅ አልነበርኩም።

ቶላ ፊደል የቆጠረው ቤት ተቀምጦ ነው፤ በሰፈራችን የሚያልፉ አንድ መሪጌታ አስተማሩት። ዳዊት ለመድገም ጊዜ አልፈጀበትም። ግእዙ ሳይገባው ቃል በቃል በቃሉ ይይዛል፤ መሪጌታው እንዲህ ያለ ጆሮ አላየሁም ይሉ ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነው፣ እኔ አሥራ ሰባት ሆኜ፣ አንድ ቀን መጽሐፌን ይዤ አጠገቡ ስቀመጥ "እትዬ፣ እንግሊዝኛ አስተምሪኝ" አለኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር ለመነኝ። ለምን ፈለግከው አልኩት።

"ያን ቀን እኒያ ጋሼ ያሉትን በቃሌ ይዤዋለሁ" አለኝ። "ምን ማለት እንደሆነ ባውቀው ብዬ ነው።" ከዚያም ዓይኑን ጨፍኖ፣ ልክ ዳዊት እንደሚደግመው፣ አንድም ድምፅ ሳይስት፣ አስተማሪው ጣሳውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው የተናገሩትን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበነበልኝ። ይውሰዳት የምትለዋንም። ጠይቂልኝ የምትለዋንም። ቃናቸውን፣ ቀስ የማለታቸውን እንኳ ሳይቀር።

ያ ሁሉ ዓመት ያ ነገር ጭንቅላቱ ውስጥ ተቀምጦ ነበር፣ ሳይከፈት። ትርጉሙን ጠየቀኝ፤ የአክብሮት ነገር ነው፣ ብዙ ትርጉም የለውም አልኩት። እሺ አለ። አስተምሪኝ ማለቱን ግን አልተወም። እንቢ ካልኩት ሌላ ሰው ይጠይቃል ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ አስተማርኩት።

እንዴት እንዳስተማርኩት ስማ። ከፊደሉ ልጀምርለት ሲገባ ከመጽሐፌ የከበደውን ገጽ አውጥቼ ሰጠሁት። ሲሳሳት ከንፈሬን መጠጥኩ። ልክ ሲል ዝም አልኩ። ትናንት እንዲህ ይነበባል ያልኩትን ዛሬ አይደለም አልኩት። ሦስት ቀን ብቻ ነው የፈጀው። በሦስተኛው ቀን መጽሐፉን ዘጋሁና፣ እንደ ደግ እህት ትከሻውን ይዤ "ቶላዬ፣ አትልፋ። ጭንቅላትህ እንግሊዝኛ አይቀበልም" አልኩት።

አመነኝ። ለምን አያምነኝም? የተማርኩት እኔ ነኝ። ያን ሁሉ ድምፅ ለዓመታት አንድ ሳያዛንፍ የያዘ ልጅ፣ ጭንቅላቴ አይቀበልም ብሎ አመነ። መጽሐፉን በሁለት እጁ መለሰልኝና አመሰገነኝ።

እኔ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ሆንኩ። ልብ በል፣ የሌላ ትምህርት አይደለም። ለአርባ ዓመት የሰው ልጅ አስተማርኩ። ደካማ ተማሪ ሲመጣብኝ ከክፍል በኋላ አስቀርቼ የማስረዳ ደግ አስተማሪ ተብያለሁ። ይህን ስሰማ የት እንደምገባ አላውቅም ነበር።

ቶላ ራዲዮ ጠጋኝ ሆነ። ከደጃችን በቆርቆሮ በከለልንለት ቦታ ተቀምጦ የተበላሸ ራዲዮ ሁሉ ያስነሳል፤ በጽሑፍ ሳይሆን በሽቦው ቀለም፣ በጣቱና በጆሮው። ከሳሪስም ከቄራም ሰው ይመጣበት ነበር። አብሮ የመጣ የእንግሊዝኛ ወረቀት ካለ ለኔ ያስቀምጠዋል፤ እኔም አነብለታለሁ። በትክክል። አንድም ቃል ሳልጨምር፣ አንድም ሳልቀንስ። እንዲህ ያለው ንባብ ያን ቅዳሜ ነበር የሚያስፈልገው።

አንድ ጊዜ ከተማ መሐል ራዲዮ የሚሸጥ ቤት ባለቤት ዝናውን ሰምቶ በመኪና መጣ። ቁጭ ብሎ የሚሠራበት ክፍል እሰጠዋለሁ፣ ሰው አመላልሶ ያደርሰዋል፣ መጽሐፉን እያየ እንዲሠራ ትንሽ እንግሊዝኛ ብቻ ይማር አለ። እኔ ቆሜ ነበር። ቶላ ሳቅ ብሎ፣ አመሰግናለሁ ጌታዬ፣ እሱ ነገር እኔ ጭንቅላት ውስጥ አይገባም፣ እህቴ ሞክራኝ አቅቷታል አለ። ሰውዬው ወደኔ አየ። እኔም አቀረቀርኩ። መኪናው ሄደ፣ ቶላም ወደ ራዲዮው ዞረ።

ልጄ ትንሽ ሆኖ የቤት ሥራውን ይዞ ሲሄድበትም ያንኑ ይለው ነበር። "ሒሳብ አምጣ፤ እንግሊዝኛውን ለእናትህ። የአጎትህ ጭንቅላት ድንጋይ ነው።" ልጄ ይስቃል፣ እሱም ይስቃል። እኔ ከውስጥ ሆኜ እሰማለሁ። ስንት ጊዜ ወጥቼ "አይደለም፣ አይደለም ቶላ፣ እኔ ነኝ" ልል ተነሳሁ? ስንት ጊዜ ተመልሼ ተቀመጥኩ? እንቁራሪቷን ቢያውቅ ይቅር እንደሚለኝ አውቅ ነበር። ሦስቱን ቀን ግን እንዴት ብዬ ልንገረው? ሰው ዕድሜ ልኩን ደደብ ነኝ ብሎ ከኖረ በኋላ፣ አይደለህም፣ እኔ ነኝ ያልኩህ ይባላል?

አምና ክረምት ሳንባው ታመመ። ሐኪሞቹ ወደ ቤት ውሰዱት አሉን። ሊያርፍ ሦስት ቀን ሲቀረው ቄሱ መጥተው አቆረቡት። ከዚያ በኋላ እንደ ደንቡ የቆሙትን ሁሉ አንድ በአንድ ይቅርታ ጠየቀ፤ ጎረቤቱን፣ ደንበኛውን፣ ልጄን። ተራው ለኔ ደረሰ። እጄን ያዘ። ያ ማንንም የማይለምን ሰው ለመነኝ። "እትዬ፣ ዕድሜሽን ሙሉ ተሸክመሽኛል። ሸክም ሆኜብሻለሁ። ያስቀየምኩሽ ካለ ይቅር በይኝ" አለኝ።

ልናገር አፌን ከፈትኩ። በእውነት ከፈትኩ። ቄሱ አሉ፣ ልጄ አለ፣ ክፍሉ ሰው ሞልቷል፤ ሁሉም የሚጠብቀው አንድ የታወቀ መልስ ነው። ቶላም እሱን እየጠበቀ ዓይኔን ያያል።

"ይቅር ለእግዚአብሔር" አልኩት።

እሱ ጠየቀኝ፣ እኔ ይቅር አልኩት። እፎይ ብሎ ተነፈሰ፤ አመሰግናለሁ ብሎ እጄን ሳመ። ሰው ሁሉ መልካም እህት እያለ አለቀሰ።

ስለዚህ አንባቢዬ፣ አንተን ይቅርታ አልጠይቅህም። የበደልኩት አንተን አይደለም፤ ለኔ ይቅርታ ማድረግ የሚችለውን ሰው፣ እኔው ራሴ ይቅር ብዬ ቀበርኩት።